መቶ ሰባት ዲግሪ

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ቱቦ ፈንድቶ ሰው ተጎዳ ተብሎ ሲደወልልን፣ ሳጅን ኤልናታን ሳምቡሳውን ገና አልጨረሰም ነበር። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። የነሐሴን የኮልፌ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ያዝንልኛል።

ግቢው በውሃ ተጥለቅልቋል። መሀሉ ላይ እንደ ግንድ የከበደ ቱቦ ከማቆሚያው ተፈናጥሮ ወድቋል። ግድግዳው ሁለት ጣት ይወፍራል፤ እንዲህ ያለ ብረት ይሰበራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግን ሁለቱ ቁራጮች የተበየዱበት መጋጠሚያ፣ ልክ የብየዳው ጠርዝ ላይ፣ ተተርትሮ አፉን ከፍቷል። አጠገቡ በነጭ ቀለም «6» የሚል ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ ውሃው ያላጠበው ደም ነበር።

«ፍቅሬ ነው፣ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው» አለኝ የወርክሾፑ ባለቤት አቶ ገረሱ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ርሷል። «ቱቦውን ውሃ ሞልተን ግፊት ስንጨምርበት ፈነዳ። ተወርውሮ ጭንቅላቱን መታው። ዘነበወርቅ ሆስፒታል አድርሰነዋል፤ እስካሁን አልነቃም።»

«ቱቦው የምን ነው?»

«የበረዶ ፋብሪካ። ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ቢገባ የማይሰበር ልዩ ብረት ነው፣ ኢንስፔክተር። የማይሰበር!» ጣቱን ወደ ግቢው ጥግ ቀሰረ። «በያጇ ያቻትልዎ።»

የተገለበጠ በርሜል ላይ አንዲት ወጣት የብየዳ ጭንብሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሳያት ትባላለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አጠገቧ ስልሳውን ያለፈ ሰው ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጓል። ጋሽ ገብረወልድ ይባላሉ፤ ብየዳ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ብየዳውን ትተው የዕቃ ክፍሉን ይዘዋል። ጠዋት መሣሪያ ያድላሉ፣ ማታ ይሰበስባሉ።

«ምን ተፈጠረ ሳያት?»

«አላውቅም። አሙቄው ነበር።»

«ምኑን?»

«ቱቦውን። ወፍራም ብረት ሳይሞቅ አይበየድም። መመሪያው መቶ ሰባት ዲግሪ ይላል። ሰኞ ጠዋት አሞቅኩት፣ በጠመኔው አየሁት፣ ቀለጠ፣ ከዚያ በየድኩት።»

ጠመኔውን አሳየችኝ። የመጻፊያ አይደለም። ብረት ላይ ሲያስነኩት፣ ብረቱ የተባለው ሙቀት ላይ ከደረሰ ይቀልጣል፤ ካልደረሰ ደረቅ መስመር ጥሎ ያልፋል። የፋብሪካው ወረቀት በዘይታም እጅ ስለሚላቀቅ እዚህ ቤት ጠመኔዎቹን የሚለዩት በሚጠቀለልባቸው ናስትሮ ነው። ቀዩ መቶ ሰባት ዲግሪ ነው፣ ለወፍራም ቱቦ። ቢጫው ስልሳ ስድስት ነው፣ ለቀጭን።

«ውሸቷን ነው!» አለ ገረሱ። «ይሄን ቱቦ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የሚፈጅባት። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በአርባ ደቂቃ ትጨርሳለች። ካልፈጠንሽ ሌላ በያጅ አመጣለሁ ብያት ነበር። ፈራች፣ ማሞቁን ዘለለችው። አለቀ!»

ሳያት አንገቷን ደፋች። ወደ መኪናው ስንወስዳት ጋሽ ገብረወልድ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ተከተሉን።

«እኔን ውሰዱኝ፤ እሷን ተዉአት» አሉ።

ልጅ ሲያዝ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ይላሉ። አልፌያቸው ገባሁ።

*

ጣቢያ ስንደርስ ሳያት ያለችበትን አስረዳኋት። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ዓርብ ጠዋት፣ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ፍቅሬ ከሞተ ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ይሆናል። ቢተርፍም የበያጅነት ፈቃዷን ማንም አይመልስላትም።

«ፈቃዴን ለማግኘት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች። «ፍቅሬ ይተርፋል?»

ይህን የጠየቀችው ስለ ራሷ ከመጠየቋ በፊት ነው። ፖሊስ ሆዱ አይባባም የሚል ካለ እኔን ይጠይቅ።

«ለምንድን ነው በአርባ ደቂቃ መጨረስ የጀመርሽው?»

«አዲስ የማሞቂያ አፍ ተገጠመልን። እሳቱ በረታ፣ ፈጠነልን። ጠመኔው እስኪቀልጥ ግን ሁልጊዜ እጠብቃለሁ። በእናቴ ሞት።»

ጻፍኩት። ጽፌ ማጣራት ሲገባኝ ጽፌ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ሐሳቤ ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ነበር፤ የመሩኝ ደግሞ ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ጀይሉን ጠይቁት» አሉ። «ባለፈው ወር ከገረሱ ጋር ተጣልቶ የተባረረ በያጅ ነው። ሲወጣ ‹ይሄ ግቢ በላይህ ላይ ይፈነዳል› ብሎ ነው የወጣው። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

*

ጀይሉን ያገኘነው ቀራንዮ፣ አዲስ እየተሠራ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የደረጃ መደገፊያ እየበየደ ነበር። ጭንብሉን ገልብጦ አየን።

«ገረሱ ነው የላካችሁ?»

«ይፈነዳል ብለህ ነበር» አለው ኤልናታን። «ፈነዳ።»

«እና? ተናድጄ የተናገርኩት ሁሉ ቢፈጸም ኮልፌ እስካሁን ትቆም ነበር?»

«ሰኞና ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«እዚህ። ዘበኛውን ጠይቀው።»

የዘበኛው መዝገብ ላይ ጀይሉ ሁለቱንም ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ገብቶ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወጥቷል። ረቡዕም አልቀረም። ለምሳ እንኳን አልወረደም።

«ማን ነው የተጎዳው?» አለ ጀይሉ፣ ልንወርድ ስንል።

«ፍቅሬ።»

ጓንቱን አወለቀ። «ፍቅሬ? ሚስቴ ምጥ ሲይዛት በመኪናው ያደረሰልኝ እሱ ነው እኮ! የት ነው የተኛው?»

ዘነበወርቅ አልነው። ለአለቃው እንኳን ሳይናገር ከእኛ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። ኤልናታን ወደ እኔ ዞሮ «አለቃ፣ ይሄ ሰውዬ ከሆነ እኔ ዩኒፎርሜን አወልቃለሁ» አለ። ቀኑ እንዲሁ አለቀ።

*

ሐሙስ ጠዋት የብረት ምርመራ ባለሙያ አስመጣሁ። ኢንጂነር ምሥራቅ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ሰው ስታፍር አይቻት አላውቅም። ስንጥቁን በማጉያ መስታወት አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ ሌሎቹን መጋጠሚያዎች በድምፅ መመርመሪያዋ አንድ በአንድ አዳመጠች።

«መጋዝ አልነካውም» አለችኝ። «ኤሌክትሮዶቹም፣ የብየዳ ዘንጎቹ ማለቴ ነው፣ ደረቅ ናቸው፤ ማድረቂያ ምድጃቸው ውስጥ በደንብ ተቀምጠዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት መጋጠሚያዎች ጤነኛ ናቸው። አራትና አምስት ግን ከብየዳው ጎን፣ ከውስጥ ተሰንጥቀዋል። ስድስት የፈነዳው ነው። በቂ ሙቀት አላገኙም።»

«ቆይ እስቲ» አለ ገረሱ። «ለቅዝቃዜ የተሠራ ብረት ምን ሙቀት ያስፈልገዋል?»

«ቅዝቃዜውን የሚችለው ሥራ ላይ ሲውል ነው እንጂ ሲበየድ አይደለም። ይሄን የሚያህል ብረት የብየዳውን ሙቀት በአንድ ጊዜ ይጠጣዋል። ብየዳው ቶሎ ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ደርቆ ይሰባበራል፤ ከእርጥበት የሚመጣው ሃይድሮጅንም መውጫ ያጣና ውስጥ ይቀራል። በቀዝቃዛ ብርጭቆ የፈላ ሻይ እንደመቅዳት ነው። አስቀድመህ ካሞቅከው ግን ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ሃይድሮጅኑም ይወጣል።»

የዕቃ ክፍሉ በር ላይ የቆሙት ጋሽ ገብረወልድ ጠየቁ።

«ስንጥቁ መቼ ነው የሚወጣው፣ ልጄ?»

«አንዳንዴ በማግስቱ፣ አንዳንዴ በሁለተኛው ቀን።»

«የተበየደ ዕለት ደህና ሆኖ?»

«የተበየደ ዕለት በዓይን ቢያዩት እንከን የለውም።»

ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ገቡ። ለሳያት ነው ያዘኑት ብዬ አሰብኩ፤ እኔም አዝኜ ነበር። የምሥራቅ ምስክርነት ልጅቷን አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋተኛ አድርጓታል። የቀረኝ ጊዜ ከአንድ ቀን በታች ነው።

*

ከወርክሾፑ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት እማማ ካሳነሽ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን የጸሎት ቡድን ይመራሉ። የሄድኩት የፍንዳታውን ሰዓት ለማረጋገጥ ብቻ ነበር። አስቀድመው ጸለዩልን። ኤልናታን ረጅም «አሜን» አለ፤ በአባቱ ቤትም እንደዚሁ ነው የሚጸለየው።

«ያቺ ልጅ ታሰረች አሉ» አሉ እማማ ካሳነሽ። «ምን አድርጋ?»

«ብረቱን ሳታሞቅ በይዳለች ነው የሚባለው፣ እማማ።»

«ማን ነው ያለሽ? በየጠዋቱ ማሞቂያው ሲያጓራ ግድግዳዬ ነው የሚንቀጠቀጠው። የጸሎት ሰዓቴ ነው፣ አንድም ቀን ሳታሞቅ ቀርታ አታውቅም። ሰኞም አጓርቷል።»

ብዕሬን አነሳሁ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ቸስታው ብቻ ነው የቀረው።»

«የምን ቸስታ?»

«ቆርቆሯቸው ያፈሳል። ዝናብ የጣለ ጠዋት ጠብታው የጋለው ብረት ላይ ሲወድቅ ቸስ ይላል። ቸስ… ቸስ… መጽሐፍ ቅዱሴን የምከፍተው በሱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የጸሎት ሳምንታችን ከገባበት ሰኞ ጀምሮ ግን የለም። ማሞቂያው ያጓራል፣ ይቆማል፣ ጠብታው ዝም ይላል።»

«ቆርቆሮው ተጠግኖ ይሆናላ» አለ ኤልናታን።

ወደ ወርክሾፑ ተመልሰን ማቆሚያው አጠገብ ቆምን። ካፊያ ነበር። ከቆርቆሮው የወረደ ጠብታ መጀመሪያ የሳጅኑን ኮፍያ፣ ቀጥሎ ጫማዬን መታ። አልተጠገነም። የእማማ ካሳነሽ ሰኞ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የገረሱን ማስታወሻ አየሁ፤ አራተኛው መጋጠሚያ የተበየደው ያን ሰኞ ነው።

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ሳያት አሙቃለች። ጠመኔው ቀልጦላታል። ግን ብረቱ ውሃ እንኳን የሚያፈላ ሙቀት አልነበረውም። ሁለቱም እውነት የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

ለምሥራቅ ደወልኩላት። «እዚህ ኮልፌ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው?»

«መቶ አይደርስም፣ ከፍታ ቦታ ነው። ዘጠና ሁለት ግድም። ምነው፣ ሻይ አማረሽ?»

«በጣም» አልኳት።

*

የገረሱ ቢሮ ውስጥ የብረት የውሃ ማፍያ አለ። ውሃ ሞልቼ ሰካሁት። ገረሱንና ጋሽ ገብረወልድን አስጠርቼ ሁለቱን ጠመኔዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አቶ ገረሱ፣ የትኛው ነው የወፍራሙ?»

ገረሱ ሁለቱንም አገላበጠ። «እኔ ምኑን አውቄ? ግድግዳ ላይ ስልክ ቁጥር ጽፌበት ነበር፤ ደህና አይጽፍም።»

እውነቱን ነበር። ግድግዳው ላይ የተጨማለቀ ቁጥር አለ። የዕቃ ክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር። ግን ጠመኔዎቹን የማይለይ ሰው እንዴት ብሎ ይለዋውጣቸዋል?

ውሃው ፈላ።

«ይሄ አሁን ዘጠና ሁለት ዲግሪ ግድም ነው» አልኩ። «ቢጫው ስልሳ ስድስት ላይ ስለሚቀልጥ አሁን መቅለጥ አለበት። ቀዩ መቶ ሰባት ስለሆነ መቅለጥ የለበትም።»

ቢጫውን ማፍያው ሆድ ላይ ጎተትኩት። ደረቅ መስመር ብቻ ጣለ። ቀዩን አስነካሁት። ወዲያው ቀልጦ ወደ ታች ወረደ።

ገረሱ ወደ ማፍያው ጎንበስ አለ። «ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም። ናስትሮው ተቀያይሯል። ሳያት ቱቦውን መቶ ሰባት አደረስኩት ስትል የነበረው ስልሳ ስድስት ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ አዲሱን የማሞቂያ አፍ መቼ ገዙላት?»

«የምን አዲስ? ያ ማሞቂያ እኔ ሳገባ የነበረ ነው!»

ወደ ጋሽ ገብረወልድ ዞርኩ። ማፍያውን አላዩትም። እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ሳያት ማሞቁ ለምን እንደፈጠነላት ግራ ሲገባት፣ አዲስ አፍ ተገጥሞልሽ ነው ያላት ማን ነው? መሣሪያ የሚያድላት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ገረሱ ሊጮህ ሲል ኤልናታን ክንዱን ያዘው።

«ሊያባርራት ነበር» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። «በአንድ ሰዓት ተኩሉ የተነሳ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በር፣ መስኮት፣ የውሃ ቱቦ በይጃለሁ። አሙቄ አላውቅም፣ አንድም ተሰንጥቆብኝ አያውቅም። ይሄ ሁሉ ማሞቅ የመመሪያ ጸሐፊ ቅብጠት መሰለኝ። ብረቱ ደግሞ የቅዝቃዜ ነው ተባለ። ትንሽ ከሞቀ ይበቃዋል አልኩ። ብነግራት እምቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ እሷ በመመሪያ አትደራደርም። ናስትሮውን ቀያየርኩት። የተበየደ ዕለት እየሄድኩ አየው ነበር። ያምር ነበር።»

«ሲፈነዳስ?»

«ከልቤ ጀይሉ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ኢንጂነሯ ስትናገር ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጣቢያችሁ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ፈራሁ። እስር ቤቱን አይደለም። የሷን ዓይን ነው የፈራሁት።»

ተናደድኩባቸው፤ አልዋሽም። የሚወዳት ሰው ነው፣ አስተምሯት ሲያበቃ፣ ያታለላት። ልናገራቸው አፌን ስከፍት የኤልናታን ስልክ ጮኸ። አዳመጠ፤ ፊቱ በራ።

«ጀይሉ ነው፣ ከሆስፒታል። ፍቅሬ ነቅቷል! ውሃ ጠጥቷል። ማን መታኝ ብሎ ጠየቀ አሉ፣ ጭንቅላቴን ያመኛል እያለ።»

ገረሱ ግድግዳውን ተደግፎ «ተመስገን» አለ፣ ደጋግሞ። ጋሽ ገብረወልድ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

*

ቃላቸውን በጽሑፍ ተቀብዬ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር በስልክ ስጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሳያት እንድትለቀቅ ፈረምኩ። ፈቃዷን በተመለከተ ምሥራቅ አንድ ገጽ ጽፋ ላከች፤ በያጇ መመሪያውን ጠብቃለች፣ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው መጋጠሚያዎች ተቆርጠው በራሷ እጅ እንዲበየዱ እመክራለሁ ይላል። ገረሱ ደግሞ ሳይጠየቅ ደውሎ ሁለት ሰዓትም ይፍጅባት ብሏል።

ሳያት እናቷ ያስገቡላትን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር አየች። ጋሽ ገብረወልድ እዚያ ተቀምጠው ወደ እስር ክፍሉ እስኪገቡ ይጠብቃሉ። ሲያዩዋት ተነሱ፤ ቀና ማለት ግን አልቻሉም።

ሳያት ወደ አግዳሚው ቀረበች።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ» አለች፣ «ፈጥኜ ከምበይድ ብባረር ይሻለኛል እልዎት ነበር፣ ጋሼ። ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በብረት አትቀልጂ ያሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ፍቅሬ ሊሞት ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ፖሊሱ የክፍሉን ቁልፍ ይዞ መጣ። ሳያት ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አውልቃ እሳቸው ላይ ደረበችው፣ ደረታቸው ላይ አጥብቃ ያዘችላቸው።

«ውስጥ ይበርዳል» አለች። «ግድግዳው ጋ አይተኙ።»

በሩ ሲዘጋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «በጣም ነው የተናደድኩባቸው» አለችኝ። «ቁርስ ማስገባት የሚፈቀደው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

«ከአንድ ሰዓት ጀምሮ» አልኳት።